ከቤቱ በፊት ደላላውን



በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሰባት ዓመት ኖረናል። ሥራዬ መምህርነት ነው። በልጅነቴ ጠዋት መድረሳ ቀርቼ፣ ከዚያ ደብተሬን ይዤ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የምሮጥ ልጅ ነበርኩና ሒሳቡንም ሐላልና ሐራሙንም አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። ቤት ልገዛ በተነሳሁ ጊዜ ግን ሁለቱም ዕውቀቶቼ በአንድ ደላላ ፊት ተፈተኑ።

ሰውየው በሰፈሩ የታወቀ አፈ ቅቤ ነው። ከጦሳ ግርጌ አንድ ቤት አሳየኝና «መምህር፣ አብሽር! ቤቱንም የባንኩንም ብድር እኔ እጨርስልሃለሁ፤ አንተ ለፊርማ ብቻ ና» አለኝ። ወለዱን ስጠይቀው «ለመኖሪያ ቤት ነው፣ ችግር ነው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው» ብሎ አለፈው። ሁለት ቀን ሳይቆይ ደግሞ «ከኮምቦልቻ የመጣ ነጋዴ ከአንተ በላይ ሊከፍል ነው፤ ዛሬውኑ ቀብድ ካልሰጠህ ቤቱ አመለጠህ» ብሎ ደወለልኝ።

ልቤ ተሸበረ። የዕቁቡን ገንዘብ ለመውሰድ ስነሳ ባለቤቴ በር ላይ አቆመችኝና «ለመሆኑ ይህ ሰው የማን ደላላ ነው? የኛ ነው የሻጩ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከሻጩ ኮሚሽን ይቀበላል፤ ከእኔም ይቀበላል፤ ብድሩን ለማስጨረስም ሌላ ይጠይቃል። ሦስቱንም የሚያገኘው እኔ ስፈርም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት «አትፈርም» ብሎ ይመክረኛል?

በዚያው ማምሻ ወደ መድረሳ አስተማሪዬ ሄድኩ። ሸኻችን ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፣ ነጅሽን በልጅነትህ አልቀራኸውም እንዴ?» አሉኝ። ነጅሽ የመግዛት ሐሳብ ሳይኖር ሌላውን ገዢ ለማሞኘት ዋጋ መጨመር ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መከልከላቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። «ነጋዴውን ላግኘው በለው። ሻጩም ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያምጣ» ብለው አሰናበቱኝ።

ነጋዴውን አገናኘኝ ስለው ደላላው ስልኩን ዘጋብኝ። ማስረጃው ሲጠየቅ ደግሞ ቤቱ ለሌላ ብድር መያዣ ሆኖ ተገኘ። አልሐምዱ ሊላህ፣ ቀብዱ ከእጄ አልወጣም ነበር።

ይህን የምጽፈው ደላላን ሁሉ ለማማት አይደለም። ድለላ የተፈቀደ ሥራ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ «ሰማሲራ»፣ ማለትም ደላሎች፣ ይባሉ የነበሩትን ሰዎች ነጋዴዎች በሚል የተሻለ ስም እንደጠሯቸው፣ ንግድ ከንቱ ንግግርና መሐላ ስለሚቀላቀለውም ሰደቃ እንዲጨምሩበት እንደመከሯቸው አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል።

ኋላ ያገኘናቸው ሽማግሌ ደላላ ለዚህ ምስክር ናቸው። የወደድነውን አንድ ቤት «ይህ ይቅርባችሁ፤ በክረምት ጎርፉ በጓሮው ነው የሚያልፈው» ብለው አስጣሉን። ደሴ ተዳፋት ከተማ ናት፤ ቤት በበጋ ብቻ አይታይም። የድካማቸውን ዋጋ ከማን ምን ያህል እንደሚቀበሉ በሻጩም በእኛም ፊት በወረቀት አሰፈሩ። ስለ ባንኩ ስንጠይቃቸው «ባንክ ደላላ አያሻውም፤ ራሳችሁ ገብታችሁ ጠይቁ» አሉን።

ገብተን ጠየቅን። በአገራችን ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ካወጣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተዋል፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ በመሆን የመጀመሪያው የሆነው ዘምዘም ባንክም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ሙራበሓ በሚባለው ውል ባንኩ ቤቱን መጀመሪያ ለራሱ ይገዛል፤ ከዚያ የገዛበትንና የሚያተርፈውን ገልጦ በቁርጥ ዋጋ በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ይሸጥልሃል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ባንኩ በእርግጥ ቀድሞ ይገዛዋል ወይ? ክፍያ ቢዘገይስ ዕዳው ያድጋል ወይ? በሱረቱል በቀራ ቁጥር 275 ንግድ ሐላል፣ አራጣ ሐራም ተደርጓል፤ ልዩነቱ በውሉ አሠራር እንጂ በስሙ አይደለም።

በዚያው ሱራ ቁጥር 282 ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆም ታዟል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ቀብድም ቀልድ አይደለም፤ በአንቀጽ 1885 መሠረት ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። መጥኖ መደቆስ ከቀብድ በፊት ነው።

እኛ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል በኪራይ ቆይተን፣ ካሰብነው ያነሰና ከመሐል ከተማው የራቀ የጭቃ ቤት ገዛን። ልጆቹ መጀመሪያ አኩርፈው ነበር። ዛሬ በግቢው ጌሾ ሳይሆን ጎመን ተክለው ውሃ ያጠጣሉ። እኔም ማታ ስተኛ የማላውቀው ዕዳ ሲያድግ አይታየኝም።

ዓረቦች ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን እዩ ይላሉ። እኔ ደግሞ ከሁለቱም በፊት ደላላውን እዩ እላለሁ፤ ምርጡም አንድ ጊዜ እንኳ «ይህ ይቅርባችሁ» ያላችሁ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ሁላችንንም ሐላል መጠለያ ይወፍቀን። አሚን።