ሦስት ጊዜ የጻፍኩት ድርሰት

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላልና ውድቀቴን ሳልደብቅ ላውጋችሁ። ወሬው የእኔም ነው፣ የአንድ ደጃዝማችም ነው።

የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደባርቅ ሲሆን፣ ዳባት ወረዳ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአሥራ ሰባት ዓመት የኅብረተሰብ ሳይንስ አስተምሬያለሁ። ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ በክረምት መርሐ ግብር የታሪክ ተማሪ ሆኜ ስመዘገብ ልቤ ሞልቶ ነበር። «ታሪክ እኮ እንጀራዬ ነው፤ ምን ያስቸግረኛል?» አልኩ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ሲሰጠን ደግሞ ጭራሽ ደስ አለኝ። ጥያቄው «ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ላይ ለምን ተሸነፉ?» የሚል ነበር፤ አምስት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ። ደረስጌ የአገሬ ታሪክ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሳ ኃይሉ የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ውቤን እዚያ ድል አድርገው ማረኩ። ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ራሳቸው ከግብጽ ባስመጧቸው በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጭነው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ይህን በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ።

ድርሰቱን በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ከ20 ያገኘሁት 6 ነበር።

መምህራችን በዕድሜ ከመጀመሪያ ተማሪዎቼ እኩያ የሚሆን ወጣት ነው። ቢሮው ጠራኝና ወረቀቱን ዘርግቶ፣ «መምህር፣ ይሄ የማን ሐሳብ ነው?» አለኝ።

«የመጽሐፉ ነዋ» አልኩት።

«የእርስዎስ የቱ ጋ ነው?»

መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ አንቀጽ በአንቀጽ ገልብጬ ነበር። ለማጭበርበር ብዬ አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ ሰሌዳ ላይ ማስታወሻ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። በትክክል የገለበጠ ጎበዝ ይባላል። ታሪክ መጻፍ ማለት ይኸው ነው ብዬ አምኜ ነበር። የሰው ቃል ወስዶ ምንጩን አለመጥቀስ ትልቅ ጥፋት መሆኑን የሰማሁት በዚያ ቀን ነው።

አንድ ሌላ ጉድም ነበረ። ጦርነቱን ከራሴ ማስታወሻ ወስጄ 1847፣ የንግሥ በዓሉን ደግሞ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ወስጄ 1855 ብዬ ጽፌዋለሁ። ካሳ ድል ካደረጉ በኋላ ዘውዱን ለመጫን ስምንት ዓመት የጠበቁ አስመሰልኳቸው! መምህሩ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት ብቻ አድርጎበታል። ለሌሎች እንዲጠቅም ልናገረው፦ ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከተለወጠ በኋላ ስምንት ይሆናል። ደረስጌ የካቲት ላይ ስለሆነ 1847 ማለት 1855 ነው። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ መውረጃው ላይ ወልቅፊት መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ግን በመስከረም 1934 ዓ.ም. ስለሆነ በፈረንጆቹ 1941 ይሆናል።

እንደገና ጽፌ እንዳመጣ ሁለት ሳምንት ተሰጠኝ። የክረምት ተማሪዎች ሁለት ሳምንት ምን ያህል አጭር እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ሌላ ሦስት ኮርስ አለ። ይህን ኮርስ ብወድቅ ደግሞ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቄ ነው። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ከእኔ ቀድማ እንዳትመረቅ እያለች ባለቤቴ ትቀልድብኛለች። ቀልዱ ውስጤ ይገባል።

«የራስህን ጻፍ» ከተባልኩ የራሴን እጽፋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ነፍሷን ይማርና ሴት አያቴ እሳት ዳር ሆና የምትነግረን ታሪክ ነበረ። «አያቴ የውቤ ሰው ነበር። ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ ጣሊያን ወልቅፊት ሳለ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ደረስጌ ላይ የተወጋውን ክንዱን ያሳየኝ ነበር» ትለን ነበር። እኔም ለተማሪዎቼ «የቅድመ አያቴ አባት ደረስጌ ላይ ቆስሏል» እያልኩ በኩራት ነግሬያለሁ። ሁለተኛውን ድርሰት በዚህ ከፈትኩት። ልጄ እንግሊዝኛውን አረመችልኝ። «አባዬ፣ ይሄኛው ግሩም ነው» አለችኝ።

መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ አላሳቀም፣ አልተቆጣምም። «መምህር፣ ዕድሜውን አስልተውታል?» አለኝ። እስክሪብቶ ሰጠኝ። አያቴን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጣት ሰውዬ በ1934 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት ሞልቶት ነበር ብንል እንኳ የተወለደው በ1854 ነው፤ ከደረስጌ ሰባት ዓመት በኋላ! የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ተዋግቷል ካልን ደግሞ በ1934 የመቶ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ሊሆን ነው።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ነገሩ የማርክ ብቻ አልሆነብኝም። አያቴን ውሸታም ያልኳት መሰለኝ፤ ይህንኑ ያስተማርኳቸው ልጆችም አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ።

ቅዳሜ ዳባት ሄጄ የእናቴን ታላቅ ወንድም ጠየቅኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ አያት ማለት እኮ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። እሷን ያቀፋት በጣሊያን ጊዜ ለአርበኞች ስንቅ ያመላልስ የነበረው ነው። ክንዱ ላይ ጠባሳ ነበረው። ደረስጌ የነበረው የእሱ አባት ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አላየሁም፣ አልቆጠርኩም» አሉኝ።

«ሲባል ሰምቻለሁ፤ አላየሁም።» አጎቴ ፊደል አልቆጠሩም። ግን በሽምግልና የድንበር ክርክር ሲዳኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ምስክር ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብለው ነው። መምህራችን ከእኔ የፈለገው እኮ ይኸንኑ ነበር! አያቴ አልዋሸችም። ሁለት ሰውና ሁለት ጦርነት በአንድ ጠባሳ ላይ ተደርበውባት ነው። ታሪኳ ቤተሰባችን ምን እንደሚያስታውስ ይመሰክራል። ደረስጌ ላይ ማን እንደቆሰለ ግን ሊመሰክር አይችልም።

ሦስተኛውን ድርሰት ስጽፍ መልሴን መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስቀመጥኩት፦ ውቤ የተሸነፉት በአንድ ቀን ውጊያ ብቻ ሳይሆን ብቻቸውን ስለቀሩ ነው። ቀጥዬ ማስረጃዬን ደረደርኩ። ካሳ በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን ጉር አምባ ላይ፣ ራስ አሊን ደግሞ አይሻል ላይ ድል አድርገዋል። አቡነ ሰላማም ከደረስጌ ጦርነት በፊት ወደ ካሳ ወገን ዞረዋል። ስለዚህ ውቤ ከትግሬ በኩል ያገኙት የነበረው ጠመንጃ ብዙ ቢሆንም አጋር አልነበራቸውም። የአያቴን ነገር አልተውኩትም፤ በአንድ አንቀጽ፣ «በቤተሰቤ እንዲህ ይነገራል፤ ዘመኑ ሲሰላ ግን ተራኪዋ እንዳለችው ሊሆን አይችልም» ብዬ ጻፍኩ። ያቺን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅታብኛለች።

ከ20 14 አገኘሁ። እንግሊዝኛዬ አሁንም ይንገዳገዳል። ከመምህሩ አስተያየት ግን አንዱ «የአያትዎ አንቀጽ ከሁሉም የተሻለው ነው» ይላል።

መስከረም ላይ ወደ ክፍሌ ስመለስ ደረስጌን ሰሌዳ ላይ አልጻፍኩትም። ልጆቹን «ከቤታችሁ አንድ ታሪክ ጠይቃችሁ ኑ፤ የነገራችሁ ሰው ያየውን ነው ወይስ የሰማውን?» አልኳቸው። በማግሥቱ ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እርስዎስ ያን የአያትዎን ቁስል አይተውታል?» አለችኝ። ታላቅ ወንድሟን ከዓመታት በፊት አስተምሬዋለሁ፤ ከእሱ ሰምታ ይሆናል።

አላየሁም አልኳት፤ ተሳስቼ እንደነበረም ነገርኳት። በዕድሜ ገፍታችሁ ለምትማሩ ወገኖቼም የምለው ይህንኑ ነው። የምታውቁትን ይዛችሁ ኑ፤ ግን ከመጻፋችሁ በፊት ዓመቱን ቁጠሩ።