ወይና ደጋ ለምን ወይና ደጋ ተባለ?



ይህን የምጽፍላችሁ ቀኝ ጉልበቴን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው። ትናንት ከብስክሌት ወደቅሁ። «በ53 ዓመትህ ምን አስኬደህ?» የሚለውን ጥያቄ ባለቤቴ ትናንት ማታ ስለጨረሰችው እናንተ እለፉት።

የት ነበርክ ለምትሉ፣ ቦዦሌ ነበርኩ። ከምኖርበት ከሊዮን በስተሰሜን ያለ የወይን አገር ነው። ማውንቴን ባይኬን ባቡር ላይ ጭኜ ቤልቪል የምትባል ከተማ ወረድኩ። ከዚያ ወደ ቦዦ ይሄድ የነበረው የድሮ ሐዲድ ተነቅሎ ዛሬ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ሜዳ ነው፣ ለባሕር ዳር ሰው የተሠራ በሉት። ባሕር ዳር ሳስተምር በብስክሌት እንደምመላለስ ታስታውሳላችሁ፤ የፈተና ወረቀታችሁን ከኋላ አስሬ ስመጣ ከሩቅ አይታችሁ ትደነግጡ ነበር። አሥራ አራት ዓመት እዚያ ስነዳ ዳገት የሚባል ነገር አላውቅም። ዳገት የተማርኩት እዚህ፣ ያውም ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ዳገት ብሩዪ ተራራ ነው። ከፍታው 484 ሜትር። የጎንደርን ተራራ ያየ ሰው «ይሄም ተራራ ተብሎ!» ይላል፤ እኔም እየሳቅሁ ነው የጀመርኩት። ግማሹ ላይ ሳቁ ቀረ። በወይኑ መሀል ያሉት የእርሻ መንገዶች ለትራክተር የተሠሩ ስለሆኑ ዞር ጠምዘዝ አያውቁም፤ ዳገቱን ቀጥ ብለው ነው የሚወጡት። የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ አስገብተህ፣ ደረትህን ወደ መሪው አስጠግተህ ትገፋለህ። ትንሽ ቀና ካልክ የፊት ጎማው ይነሳል። በጣም ከተደፋህ ደግሞ የኋላው ጎማ መሬት መያዙን ይተውና ባዶውን ይሽከረከራል። በሁለቱ መሀል ያለችውን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራው። ሁለት ጊዜ ወርጄ ገፍቻለሁ፤ አልዋሽም።

መግፋት ጥሩ ነው፤ ወይኑን በደንብ ታያለህ። እዚህ ብዙው ወይን በሽቦ ላይ የተዘረጋ አይደለም። እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው ቆሞ፣ አጭር ሆኖ፣ ከአናቱ ቅርንጫፎቹን እንደ ጽዋ ከፍቶ ይታያል። የዝርያው ስም ጋሜ ነው። አዎ፣ እንደኛ ጋሜ። ግንዱም ራሱ ጋሜ የተቆረጠ ልጅ ይመስላል፤ ብቻዬን ስስቅ ያየኝ ሰው ቢኖር ምን እንደሚል እንጃ። በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ ይህን ዝርያ ከግዛቱ ነቅላችሁ ጣሉ ብሎ አዝዞ ነበር፤ እሱ የሚወደው ፒኖ ኑዋርን ነው። እዚህ ታች ግን ጋሜ ቀረ። ዛሬ የቦዦሌ ቀይ ወይን ማለት ጋሜ ማለት ነው።

ተራራው አናት ላይ ትንሽ የጸሎት ቤት አለች። ስሟ በእኛ ቋንቋ «የወይን ዘለላዋ እመቤታችን» እንደማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኦይዲየም የሚባል የሻጋታ በሽታ ወይኑን ሲፈጀው የሠሯት ናት፤ እስከ ዛሬ በፈረንጆቹ መስከረም ወይን ገበሬዎች ወጥተው ይሳለሟታል። በር ላይ ቆሜ አማተብኩ። ከዚያ ሙዜን በላሁ።

ለቀማው ካለቀ ሰንብቷል። በየግቢው በር ስታልፍ ግን ሽታው አለ፤ አንድ ትልቅ ጠጅ ቤት ከጓሮው በኩል ስታልፍ እንደሚሸተው ያለ። እዚህ ዘለላውን በእጅ ይለቅሙና ሳይጨምቁ ከነግንጣዩ በርሜል ውስጥ ይከቱታል፤ ፍሬው መጀመሪያ በራሱ ቆዳ ውስጥ እንዳለ መፍላት ይጀምራል። ሬኚየንና ሞርጎንን በዚህ ሽታ ታጅቤ አለፍኩ።

ከዚያ ሺሩብል መጣች። በቦዦሌ በራሳቸው ስም ወይን የሚሸጡ አሥር ቦታዎች አሉ፤ ሺሩብል ከሁሉም ከፍ ያለችው ናት። አደባባዩ ላይ የቪክቶር ፑሊያ ሐውልት አለ። የመንደሩ ልጅ ነው። ከአሜሪካ የገባ ፊሎክሴራ የሚባል ነፍሳት የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ ሲጨርሰው፣ ፈውሱ የፈረንሳይን ወይን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማዳቀል ነው ብለው ከተሟገቱት አንዱ እሱ ነበር። ዛሬም ይሄ ሁሉ «የፈረንሳይ» የምንለው ወይን አብዛኛው የቆመው በአሜሪካ ሥር ላይ ነው።

ከመንደሩ ትንሽ ከፍ ብዬ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ከመነዳሪ ስቀይር አንዲት ሴት መጡ። ሰባዎቹን ያለፉ ይመስሉኛል። አጠገባችን ያለው ማሳ የሳቸው ነው፤ ግማሹ ተነቅሎ አሮጌው ግንድ እንደ ማገዶ ተከምሯል። ልጆቻቸው ከተማ ናቸው፤ የሚረከብ የለም። ውሃ ሰጡኝና ማውራት ጀመርን። በአባታቸው ጊዜ እዚህ ከፍታ ላይ ወይኑ በደንብ ሳይበስል የሚቀርበት ዓመት ነበር አሉኝ። አሁን ሙቀቱ ከታች ሲያቃጥል ከላይ ያለው ማሳ ነው የሚሻለው። «እኔ ደግሞ አሁን እየነቀልኩት ነው» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አይልም ነበር።

ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ አልኩ። «አገራችሁ ወይን አለ?»

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ እንግዲህ። ማብራራት ጀመርኩ። እኛ አገር የአየር ንብረቱን በከፍታ ነው የምንከፍለው፤ ቆላ አለ፣ ደጋ አለ፣ በመሀል ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ያለው ደግሞ ወይና ደጋ ይባላል አልኳቸው። «ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ ቃሉን ወደ ፈረንሳይኛ መለስኩት። ወይና፣ ወይን። ደጋ፣ ከፍ ያለ ቀዝቃዛ አገር። የወይን ደጋ።

አፌ ላይ ደረቀ። ሴትዮዋ «ታዲያ አለ ማለት ነው» አሉ።

የ1997 ዓ.ም. 9ኛ ሲዎች፣ እዚህ ያላችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ሰሌዳው ላይ ወይን የሜዲትራኒያን አየር ንብረት ተክል ነው ብዬ ጻፍኩ። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ታዲያ ወይና ደጋ ለምን ወይና ደጋ ተባለ? አያቴ ጓሮም ወይን አለ፤ ያፈራል» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ በእኔ ላይ መሰለኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ወይንም ቢሆን በሥዕል እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። «አላውቅም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ያልኩት ግን «ውጣ፤ ወላጅ ሳትይዝ እንዳትመጣ» ነው።

ወላጆቹ ገጠር ናቸው። ከተማ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ነበር የሚማረው። ይሄን በኋላ ነው የሰማሁት። ሰኞ አልመጣም። በሁለተኛው መንፈቅም ስሙ ላይ መስመር ተሰመረ። ሌላም ምክንያት ኖሮት ይሆናል፤ ለዓመታት ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው። ግን ሄጄ አልጠየቅሁም። በብስክሌት አሥር ደቂቃ የማትሞላ ሰፈር ነበረች።

ለሴትዮዋ ይሄን አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? አመስግኜ ወደ ፍለሪ ቁልቁል ለቀቅሁት። የዚያ አካባቢ ድንጋይ ሮዝ ግራናይት ነው፤ ሲፈርስ ሻካራ አሸዋ ይሆናል፤ ጎማ ሥር እንደ በቆሎ ፍሬ ነው የሚንከባለለው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ፍጥነትህን ከኩርባው በፊት ነው የምትቀንሰው፤ ኩርባው ውስጥ ከገባህ በኋላ የፊት ፍሬን አይነካም። አውቃለሁ። ግን ሐሳቤ መስኮቱ አጠገብ ነበር፤ ነካሁት። የፊት ጎማው ሸሸ፣ እኔም በጎኔ ወይኑ ሥር ገባሁ። ሄልሜቴ ተርፎልኛል፣ ሱሪዬ አልተረፈም። ለቃሚ የረሳው አንድ ትንሽ ዘለላ ፊቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ተኝቼ በላሁት። ግማሹ ዘቢብ ሆኗል።

ከዚያ እያነከስኩ ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ ጨረስኩና ማታ ባቡር ገባሁ።

ያ ልጅ ዛሬ ወደ 36 ዓመት ይጠጋል። ፊቱ፣ ሰማያዊ ሹራቡ፣ ሲጠይቅ ግማሽ ብድግ የሚለው ነገር ሁሉ ትዝ ይለኛል። ስሙ ጠፋኝ። ትናንት ባቡር ውስጥ ሁሉ ስፈልገው ነበር። የ9ኛ ሲ ልጆች፣ ስሙን የምታስታውሱ ወይም የት እንዳለ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ኮመንት ላይ አትጻፉት፤ እሱ ሳይፈቅድ ስሙ እዚህ እንዲወጣ አልፈልግም። አንተው ራስህ ካነበብከው ደግሞ፣ ጥያቄህ ትክክል ነበር። ቦዦሌም ሜዲትራኒያን አይደለም። ይቅርታ የምልህ ግን በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ነው፤ ከፈቀድክ ስልክህን ላክልኝ።

ስለ ጉልበቴ ለምትጠይቁ፣ አልተሰበረም። አብጧል።