ቁስቋም፤ ሰማይ ጣራው የሆነ አዳራሽ

ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የፋሲልን ግንብ ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ የጎንደርን ዕድሜ በዓይንህ ለማየት ብትሻ ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጣ ብለህ የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ዳገት ውጣ። ስፍራው ስሙን ያገኘው እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብፁ ቁስቋም ተራራ ነው።

ቤተ መንግሥቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ዐፄ በካፋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1730 ከሞቱ በኋላ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ስም አገር ያስተዳደሩት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበር፥ ሕመምተኞቹን እንዲያክም የተጠራው ወደዚሁ ግቢ ነው።

ዛሬ ከታላቁ አዳራሽ የቀረው ግድግዳው ነው። ጣራ የለውም፤ ወለሉን ሣር ወርሶታል። በግድግዳው ላይ ከቀላ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ግን እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠቆር ያለው ድንጋይ ይደበዝዝና ቀዩ ይፈካል። እኔን ከሙሉው ግንብ ይልቅ ይህ ፍርስራሽ ይማርከኛል። ሙሉ ቤት ባለቤት አለው፤ እንግዳ ከደጅ ቆሞ ያስፈቅዳል። ይህ ግን ዝናቡንም ነፋሱንም ተማሪውንም እኩል ያስገባል።

ሆኖም ውበቱን የሠራው ጊዜ ብቻ አይደለም። ደርቡሾች በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም አብሮ ተጎዳ። ከተማሪዎቼ አንዱ «ታዲያ የተቃጠለ ቤት እንዴት ያምራል?» ሲል ጠየቀኝ። የእቴጌይቱ፥ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም በመስታወት ሣጥን በሚታይበት ደብር ቆሞ ለዚህ ጥያቄ ፈጥኖ መመለስ ያሳፍራል፤ እኔም ዝም አልሁ።

በግንብ ላይ የበቀለ ዛፍ ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ሥሩ ግን ኖራውን እየሰነጠቀ ድንጋዩን ያላቅቃል። እንዲሁ የሚጠግን ሰውም ያጠፋል፤ ጣልያኖች በወረራው ዘመን በጎንደር ግንቦች ላይ የለጠፉት ሲሚንቶ ስላልተስማማ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። የጎንደር ግንቦች በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ቁስቋምም አብሮ ተቈጥሯል። ስለዚህ አዲስ ጣራ ይሠራለት ከሚሉት ጋር አልስማማም፤ ዛፉ ይነቀል፥ ስንጥቁ በኖራ ይሞላ፥ ሣሩ ግን ይቅር።

መሄድ የምትሻ ከሰዓት በኋላ ሂድ፤ ቀዩ ድንጋይ የሚፈካው ያን ጊዜ ነው።