የአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ጉድለት

ዋጋው የከበደ ዕቃ የገዛ ሰው ከዕቃው ጋር ፍጹምነትንም አብሮ የገዛ ይመስለዋል። ይህን አሳብ ለመመርመር ውድ የእጅ ሰዓት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የእጅ ሰዓት መጠኑ ትንሽ ነው፤ ባለቤቱ ግን በቀን ብዙ ጊዜ ያየዋል። ስለዚህም በገጹ ላይ ያለች ኢምንት መዛነፍ ከዐይን አታመልጥም።

መዛነፉ በልዩ ልዩ መልክ ይታያል። ደቂቃ ቆጣሪው 12 ቁጥር ላይ ሲደርስ ሰዓት ቆጣሪው ከምልክቱ ጥቂት ያፈነግጣል፤ ወይም የደቂቃዎች ምልክት የሰፈረበት ቀለበት ከ12 ቁጥር ትይዩ ሆኖ አልተገጠመም። ምክንያቱ ሁልጊዜ የአንድ ሠራተኛ ስንፍና አይደለም። ገጹ፣ ቀለበቱና ቆጣሪዎቹ ለየብቻ ተሠርተው በኋላ ይገጣጠማሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም ጥቂት ልዩነት ይፈቀድላቸዋል። ልዩነቶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሆኑ ይጠፋፋሉ፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ግን ተደምረው ለዐይን ይታያሉ።

የጉድለቱን መጠን በስሌት ማወቅ ይቻላል። የገጹ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 94 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለ60 ደቂቃዎች ሲካፈል ለአንድ ደቂቃ 1.57 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሰዋል። እንግዲህ በገጹ ዳር ያለ አንድ ምልክት በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ በንባብ ላይ የሚያመጣው ልዩነት 4 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

አጎቴ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ ሰው ናቸው። በእርጅና ምክንያት ሥራቸውን በተዉ ጊዜ ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ውድ የእጅ ሰዓት ገዙላቸው። ሰዓቱን ባሰሩ በሁለተኛው ቀን የደቂቃዎቹ ቀለበት ወደ ቀኝ ማዘንበሉን አዩ። ከላይ ያለውን ስሌት በወረቀት ላይ ሠርቼ ባሳያቸው ፈገግ አሉና፣ “ልጄ፣ ቁጥርህ ልክ ነው። የኮት ኪስ ግራና ቀኙ ባይተካከልም ኮቱ ብርድ መከላከሉን አይተውም። ደንበኛው ግን በየሄደበት ይዞት የሚዞረው የእኔን ቸልታ ነው” አሉኝ።

የአጎቴ መልስ ሊናቅ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1969 ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያውን ባለ ኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ሰዓቶች እየረከሱ ስለ ሄዱ፣ ዛሬ ርካሽ የኳርትዝ ሰዓት ከብዙ ውድ ባለ ሞላ ሰዓቶች ይልቅ ጊዜን በትክክል ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የስዊዘርላንድ የክሮኖሜትር መርማሪ ድርጅት እንኳ ፈተናውን ላለፈ ባለ ሞላ የእጅ ሰዓት በቀን በአማካይ እስከ 4 ሰከንድ መዘግየትን ወይም እስከ 6 ሰከንድ መቅደምን ይፈቅዳል። ስለዚህ ውድ ሰዓት የሚገዛ ሰው ብዙውን ገንዘብ የሚከፍለው ጊዜን ለማወቅ ሳይሆን ለእጅ ጥበብና ለጥንቃቄ ነው። የከፈለበት ጥንቃቄ ጎድሎ ሲያገኘው ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ቅሬታም ልክ አለው። አጎቴ ሰዓቱን ወደ አንድ ሰዓት ሠሪ ወሰዱት። ሰዓት ሠሪውም ቀለበቱን ማቃናት እንደሚቻል፣ ነገር ግን ሰዓቱ ሲከፈት አቧራ ሊገባበት እንደሚችልና ውሃ አለማስገባቱም እንደገና መመርመር እንዳለበት አስረዳቸው። አጎቴ ጥቂት አሰቡና፣ “እንግዲያስ ይቅር፤ የዐይኔን ቅሬታ ለማስወገድ ስል ደኅናውን ማሽን ለአደጋ አላጋልጥም” ብለው ሰዓቱን መልሰው ከእጃቸው ላይ አሰሩት።

ከዚህ የምንረዳው የሠሪና የተቀባይ መለኪያ አንድ አለመሆኑን ነው። ሠሪ ስንሆን፣ ማንም ባያየው እንኳ፣ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትርን መናቅ አይገባንም። ተቀባይ ስንሆን ግን ጉድለቱ የዕቃውን ተግባር የሚያሰናክል ወይም ዐይንን ብቻ የሚያስቀይም መሆኑን ለይተን፣ ማረሚያው ከጉድለቱ የባሰ ጉዳት እንዳያመጣ መመዘን ይኖርብናል። ለራሱ ሥራ ጠባብ፣ ለሌላው ሥራ ሚዛናዊ መለኪያ ያለው ሰው የሚሠራው ያምርለታል፤ በተሰጠውም ይደሰታል።