ድንኳን ስንተክል የት ነበርክ?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት፤ ታገሱኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አብነት አደባባይ ጋ አንድ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር!» ብሎ አስቆመኝ። አሁን መርካቶ የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ሻይ ጋበዘኝና ሆዱ ውስጥ ያለውን ዘረገፈው። «ስቲከር አሠራሁ፣ ቲክቶክ ላይ ለቀቅሁ፣ ዋጋም ቀነስኩ። ሰው ግን ዕቃውን አገላብጦ ያይና ጎረቤቴ ጋ ሄዶ ይገዛል። ጎረቤቴ ደግሞ ማስታወቂያ የሚባል ነገር የለውም። ምን ይሻለኛል?»

ሳቅኩ። በእሱ አይደለም፣ በራሴ ነው። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ጥር 2015 ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጥቶ፣ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው የተባለ ጊዜ። ሰፈሩ ሁሉ ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ፤ ግን አልዋሻችሁም፣ ሌላም ሐሳብ ብልጭ አለብኝ። በዲፕሎማ የሚያስተምር ሰው ደሞዙ ወሩን አያደርሰውም። «የሒሳብ ማጠናከሪያ ብከፍትስ?» አልኩ። 200 ወረቀት ፎቶ ኮፒ አስደርጌ በየምሰሶው ለጠፍኩ። ስንት ሰው ደወለ? ሁለት። አንደኛው ተሳስቶ ነው።

በዚያው ሳምንት ሰፈራችን አንድ አባት አረፉ። የእድሩ አባል ነኝ፤ አባልነቴ ግን በገንዘብ ብቻ ነበር። ወርሃዊውን በጎረቤት ልጅ እልካለሁ፣ ስብሰባ ስቀር ቅጣቴን እከፍላለሁ፣ አለቀ። የዚያን ቀን ግን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ስነግራችሁ አሁንም አፍራለሁ፤ ወረቀቶቹን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው። ንፍሮ እየቃምን አጠገቤ ለተቀመጡ ወላጆች ሰጠሁ። የእድራችን ዳኛ አዩኝ። አልተቆጡም። ጠጋ ብለው ቀስ ብለው፣ «አስተማሪ፣ ይህንን ድንኳን ስንተክል የት ነበርክ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ንፍሮው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ለሁለት ሳምንት በቤታቸው በኩል ማለፍ አፈርኩ። ከዚያ ለወሩ ስብሰባ ሄድኩ፣ ያለ ወረቀት። በሚቀጥለው ለቅሶ አግዳሚ ወንበር ተሸከምኩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሄድኩት ስሜን ላጥብ ነበር። መቼ እንደሆነ ባላውቅም ነገሩ የራሴ ጉዳይ ሆነ።

የእድሩ ጸሐፊ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና መዝገቡን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ሳነብ አንዲት እናት የ7 ወር ውዝፍ አለባቸው ተብሎ ሊሰረዙ መሆኑን አየሁ። ደረሰኞቻቸውን አስመጥተን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አስተያየን። የቀረባቸው የ1 ወር ብቻ ነበር፤ ሌላው የከፈሉት በሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ተሰርዘው ቢሆን ኖሮ የእኒያ እናት ቀን ሲደርስ ድንኳን የሚተክል አይኖርም ነበር። ስንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ቁጥር እንዲህ የሰው ክብር እንደሚጠብቅ አስቤው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ወላጆች ራሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር። «ልጄ ሒሳብ አልገባት አለ፣ ምን ላድርግ?» የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። አንዷን ልጅ ደብተሯን አይቼ «የእርሷ ችግር የ12ኛው አይደለም፣ ክፍልፋይ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ በየማታው ግማሽ ሰዓት ቢያሠራት ይበቃታል» አልኩ። ፊዚክስ የከበደውን ልጅ ከእኔ ለሚሻል ባልደረባዬ ላክሁት። ሁለቱም ብር አላመጡልኝም። ግን የእነዚያ ልጆች እናቶች ናቸው ሌሎቹን ወላጆች ይዘውልኝ የመጡት።

ልጆቹ በዙና ክፍል መከራየት ግድ ሆነ። ገንዘብ ከየት ይምጣ? እቁብ ገባሁ። እቁብን የመርካቶ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ተበዳሪ ነው፣ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበዳሪ ነው። ቀድሞ የወሰደው ሰው ቢጠፋ ገና ዕጣ ያልደረሳቸው ሰዎች ገንዘብ ይጎድላል። ስለዚህ ብሩ ከመሰጠቱ በፊት «ዋስ ጥራ» ይባላል። ዕጣው በሦስተኛው ሳምንት ለእኔ ወጣ። ዋስ ማን ልጥራ እያልኩ ስጨነቅ ያ የእድራችን ዳኛ፣ እሳቸውም እቁቡ ውስጥ ነበሩና፣ ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ ዋሱ። ይህ ልጅ ድንኳን ሲፈርስ እስከ መጨረሻው ይቆያል» አሉ። በሌላ ምንም አላመሰገኑኝም። ቤት ገብቼ አለቀስኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል ደግሞ ነገሩን በሌላ ሰው ላይ አየሁት። አንድ የማውቀው ነጋዴ ሱቁ ከነዕቃው አመድ ሆነ። ከጥቂት ቀን በኋላ አከፋፋዮቹ «ስትሸጥ ትከፍለናለህ» ብለው ዕቃ በዱቤ ሰጡት። ምንም ማስያዣ አልጠየቁትም። ለዓመታት ቀኑን ሳያሳልፍ ሲከፍል፣ ሲያገቡ ሲድሩ አብሯቸው ሲውል አይተውታል።

ስለዚህ ለተማሪዬ እንዲህ አልኩት። «ስቲከሩ አይጎዳህም፣ ይለጠፍ። ግን ኦርጅናል ያልሆነውን ኦርጅናል ነው አትበል። የሌለህን ዕቃ ሲጠይቁህ ያለበትን ሱቅ አሳይ። የተራው ሰው ሲያዝን ሱቅህን ዘግተህ ሂድ። ስትሄድ ግን ቢዝነስ ካርድህን እቤት ተወው፤ ሰው ለምን እንደመጣህ ያውቃል።»

ትናንት ደወለ። «ቲቸር፣ አንዲት እናት ቻርጀር ሊገዙ መጥተው፣ የተበላሸው ገመዱ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ገመድ ብቻ ገዝተው ሄዱ። አሁን ከሰርኩ ወይስ አተረፍኩ?»

«እኔም አላውቅም፤ ከዓመት በኋላ ደውልልኝ» አልኩት።

ከ200ው ወረቀት የተረፈው እስከ ዛሬ ክፍሌ ውስጥ አለ። ልጆቹ በጀርባው ሒሳብ ይሠሩበታል።

እናንተስ፣ ዋስ የሆነላችሁ ሰው ምን አይቶባችሁ ነው? እስኪ ከታች ጻፉልኝ። ሰላም ዋሉ።