ከቢሾፍቱ እስከ ደምበል

ቃሊቲ መናኸሪያ ረዳቶቹ «ናዝሬት! ናዝሬት! ደብረ ዘይት የሞላ!» እያሉ ይጣራሉ። ታፔላው ላይ የተጻፈው ግን አዳማና ቢሾፍቱ ነው። ተሳፋሪው አንዱን ሰምቶ ሌላውን አንብቦ ይገባል፤ መኪና የሚሳሳት አላየሁም።

የሚሳሳተው ወረቀት ነው። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ውጭ አገር ያለች ልጃቸው ጉዳይ አሳስቧቸዋል። የክርስትና ካርዷ ደብረ ዘይት፣ በኋላ የወጣው የልደት ምስክር ወረቀት ደግሞ ቢሾፍቱ ይላል። ሁለቱ አንድ ከተማ ስለመሆናቸው ማስረጃ አምጪ ተብላለች። «ልጄ፣ የወለድኳት እኔ ነኝ። የት እንደሆነ እኔን ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው ሁለቱም ከተሞች ከወንጌል ስም የወጣላቸው። አዳማ ናዝሬት ተባለች፤ ቢሾፍቱም በ1940ዎቹ ደብረ ዘይት ሆነች። አምቦም ሀገረ ሕይወት፣ ወሊሶም ጊዮን ተብለው ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገደማ አዳማና ቢሾፍቱ የኦሮምኛ ስማቸውን በመንግሥት መዝገብ መልሰው አገኙ። መመለሱ ተገቢ ነበር እላለሁ። ሰው ያደገበት መንደር ስም በአንድ ጀምበር ከማኅተምና ከትምህርት ቤት ደብተር ሲፋቅ፣ አያቱ የነገሩት ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠርበታል።

ቢሾፍቱ ወርጄ ወደ ሐይቆቹ ሄድኩ። ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ጨለለቃ፣ ከተማዋን በስሟ የሚጋራት የቢሾፍቱ ሐይቅ። አብዛኞቹ እሳተ ገሞራ የቦረቦራቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው፤ ከአፋፉ ቁልቁል ሲያዩት ውኃው ሩቅ ነው። እዚህ ቆሜ ያስገረመኝ ከተማዋ ደብረ ዘይት በተባለችባቸው አሥርት ዓመታት ሁሉ ሆራ ሆራ ሆኖ መቆየቱ ነው። ከመስቀል በኋላ ለእሬቻ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ የሚወርደው ሕዝብ ስሙን ከታፔላ አልተማረም። በዚያ ስም ያመሰግናል፣ ይመርቃል፣ ልጁን ይዞ ይመጣል። ቢሮ የከተማዋን ስም ሲለውጥ ውኃዎቹ ከነስማቸው ቀሩ፤ ያቆየላቸው የሚመላለስባቸው ሰው ነው።

ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን መቂን አልፈን ባቱ ገባን። የከተማው የቀድሞ ስም ዝዋይ ነው፤ ሐይቁን ደግሞ ዝዋይም ደምበልም የሚሉት አሉ። ወደቡ ላይ ዓሣ የሚያጸዱ ወጣቶች፣ ዙሪያቸውን የከበቡ አባ ኮዳዎች። ጀልባ ፈለግኩ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩን የሁለት ቋንቋዎች ጉዳይ አድርጌ ላየው ይቻለኝ ነበር፤ ብዙ ክርክርም እዚያው ላይ ይቆማል። የደምበል ደሴቶች ግን እንዲህ በቀላሉ አይከፈሉም። ገሊላና ደብረ ሲና የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ ጸደቻና ፉንዱሮም አሉ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ እሱው ደብረ ጽዮንም ይባላል። በነዚህ ደሴቶች የኖረው የዛይ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ አለው፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ወጥታ እዚህ እንደተጠለለችም ይተርካል።

ገሊላም ናዝሬትም ከአንድ ወንጌል የተቀዱ ስሞች ናቸው። አመጣጣቸው ግን ይለያያል። ናዝሬት ከላይ ታዝዞ በከተማዋ ላይ ወረደ። ገሊላን የሚጠራው ውኃው መሐል የሚያርሰው፣ ዓሣ የሚያጠምደው፣ የሚጸልየው ሰው ነው። ስለዚህ አንድን ስም ባዕድ የሚያደርገው ቋንቋው ነው ቢሉኝ አልቀበልም። የነዋሪው አፍ ሳይጠየቅ የተጫነ ከሆነ፣ ያኔ ባዕድ ነው። ይህ ሚዛን ወደ ሌላም ወገን ይሠራል። ደብረ ዘይት ተወልደው፣ ደብረ ዘይት ተድረው ያረጁ ሰዎች በዚያ ስም ስለጠሯት ሊገሠጹ አይገባም። እንዲያ የሚሏት ስለሚወዷት ነው።

ጀልባ ቀዛፊው መሳፈሪያው ላይ ለአንድ ዓሣ ነጋዴ በኦሮምኛ ሲመልስ ቱሉ ጉዶ እንደሚሄድ ነገረው። ቀጥሎ ለመጡት ቄስ ግን፣ ጉልበታቸውን ስሞ፣ «ደብረ ጽዮን ነን አባቴ፣ ይግቡ» አላቸው።

«የቱን ልጻፍ?» አልኩት፣ ማስታወሻዬን አውጥቼ።

«ሁለቱንም ነዋ፣ ጋሼ። አንዱን ብቻ ከጻፍክ ግማሹ ሰው መንገድ አያሳይህም።»

ሁለቱንም ጻፍኩ። ካርታ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶችም ለሁለት ስም የሚበቃ ቦታ ቢተዉ፣ የልደት ምስክር ወረቀት የሚሰጡትም የቀድሞውን ስም ከአዲሱ ጎን በቅንፍ ቢያስገቡ፣ የሚኒባሷ እናት ልጅ ማስረጃ ፍለጋ ባልተንከራተተች ነበር።