የእንጨት ጠመንጃና የእውነት ድንጋጤ



ልጁን ለትምህርት ከቤቱ አርቆ የላከ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ አላህን የሚለምነው ልጁ በሰላም ወጥቶ በሰላም እንዲመለስ ነው። ማዕረጉና ዲግሪው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአዲስ ዓለም የምንኖር ወላጆችም ልጆቻችንን በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ በሚሄደው መኪና ስናሳፍር «ደረስኩ» የሚለው ስልክ እስኪመጣ ድረስ ልባችን አያርፍም። በዚህ ወር ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ከዚሁ ጭንቀት ጋር የተያያዘ ነው። ይኸውም በኮሌጅ ግቢ ውስጥ መሣሪያ የሚመስል ነገር ሲታይ ስለሚፈጠረው ድንጋጤና ተቋማቱ ሊወስዱት ስለሚገባው እርምጃ ነው።

«የእንጨት ጠመንጃ ደግሞ ማንን ገድሎ ያውቃል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ እንጨቱ አይገድልም። የሚገድለው ግን እንጨቱን ተከትሎ የሚመጣው ግርግር፣ ያልተጣራ ወሬና የተደናገጠ ጣት ነው።

ደግሞም እኛ የምንኖርበት አካባቢ ተማሪ በጥይት ሲመታ ያየ አካባቢ ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአምቦ ተማሪዎች የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው በወጡ ጊዜ ተተኩሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በ2012 ዓ.ም. በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገድለዋል። በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱ ተማሪዎች ወላጆች ያሳለፉትን ሌሊት ማን ይረሳዋል? በዚያን ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ፌዴራል ፖሊስ እስከ መሠማራት ተደርሷል። እንግዲህ ይህን እያየና እየሰማ ላደገ ወጣት በጓደኛው እጅ የታየ ጥቁር ነገር መጫወቻ ሆኖ ሊታየው አይችልም። በመደንገጡ የሚወቀስበት ምክንያት የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የደረሰውን እዚህ ላይ ብናነሣ ነገሩን ያብራራልናል። የጎረቤታችን ልጅ በአንድ ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለ በድራማ ክበብ ውስጥ ይሳተፍ ነበር። ሚያዝያ 27 ለሚከበረው የአርበኞች ቀን ለሚታየው ድራማ፣ አናጢው አጎቱ የእንጨት ምንሽር ጠርቦ በጫማ ቀለም አጥቁሮ ሰጠው። ልጁም በጋቢ ጠቅልሎ ወደ ግቢው ይዞት ገባ። የመኝታ ክፍሉን ደረጃ ሲወጣ ጋቢው ተገለጠና አፈሙዙ ታየ። አንዱ «መሣሪያ! መሣሪያ!» ብሎ ጮኸ። ፎቁ ሁለት በር ሲኖረው አንደኛው ሁልጊዜ በሰንሰለት ይቆለፍ ነበር። ተማሪው ሁሉ በአንዱ በር ሲገፋፋ የተረጋገጠ ተረጋገጠ። አንዱ በመስኮት ዘሎ እጁ ተሰበረ። ልጁን ጥበቃዎች መሬት ላይ ጥለው አሠሩት።

ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው ከዐስር ሰላት በፊት ነበር። «ግቢ ውስጥ ተኩስ ተከፍቷል፣ ሦስት ሞተዋል» ተባለ። እናቱ እትዬ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ መናኸሪያ ሮጠች። እኛም ተከትለናት ሄድን። በመንገድ ሁሉ «ሞቶ ከሆነ አትደብቁኝ፣ ንገሩኝ» ትለን ነበር። ከኮሌጁ ስልክ የሚያነሣ አልነበረም። በበሩም ላይ የቆመው ጥበቃ የሚነግረን ነገር አልነበረውም። ልጁ ሁለት ሌሊት ታስሮ አደረና የድራማው አስተማሪ ሲመሰክርለት ተፈታ።

ነገር ግን ጉዳዩ በዚያ አላበቃም። ልጁ ጥፋት እንደሌለበት ለተማሪዎቹ የነገረ ማንም አልነበረም። «ባለ ጠመንጃው» የሚል ስም ወጣለት። ጠረጴዛ የሚጋራው ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ትቶ መጣ። አጥንቱ የተሰበረው ተማሪ ድኖ ተመርቋል። ያልተመረቀው ማንንም ያልነካው ልጅ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ በዚህ ረገድ ብዙ ታስተምረናለች። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 2015 በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ በታጣቂዎች በተፈጸመው ጥቃት 148 ሰዎች ተገደሉ። ከዐሥር ቀን በኋላ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኪኩዩ ግቢ ከኤሌክትሪክ መስመር ፍንዳታ ተሰማ። ተማሪዎቹ ጥቃት መስሏቸው ከፎቅ ዘለሉ። አንድ ተማሪ ሲሞት ከመቶ በላይ ተጎዱ። በዚያው ዓመት ኅዳር 30 ቀን ደግሞ በናይሮቢ የሚገኘው ስትራትሞር ዩኒቨርሲቲ የጸጥታ ልምምድ አዘጋጀ። የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ልምምድ መሆኑን አብዛኛው ተማሪና ሠራተኛ አያውቅም ነበርና በመስኮት ዘለሉ። አንዲት የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሕይወቷ አለፈ፣ ብዙዎችም ቆሰሉ። ልብ በሉ፤ በኪኩዩም በስትራትሞርም አንድም ጠላት አልነበረም!

አሜሪካንም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በክሊቭላንድ ከተማ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ በመናፈሻ ውስጥ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ሳለ ስልክ ደውሎ ለፖሊስ ያመለከተው ሰው «ምናልባት የውሸት ሊሆን ይችላል፣ ልጁም ምናልባት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ነው» ብሎ ነበር። ይህ ቃል ግን ወደ ስፍራው ለሄዱት ፖሊሶች አልተላለፈም። ፖሊሶቹ በደረሱ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ልጁ በጥይት ተመታ። እንግዲህ ያ ልጅ የሞተው መንገድ ላይ በጠፋች አንዲት «ምናልባት» ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጥርጣሬውም ቢሆን በሁሉ ሰው ላይ እኩል አይወድቅም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 በቴክሳስ ኧርቪንግ ከተማ አሕመድ ሙሐመድ የተባለ የ14 ዓመት ሙስሊም ተማሪ በእጁ የሠራውን ሰዓት ለአስተማሪው ሊያሳይ ይዞ ቢሄድ የውሸት ቦምብ ነው ተብሎ በካቴና ታሠረ። በኋላ ክሱ ቀረ። በግንቦት 2017 ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት ኮልጌት ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥቁር ተማሪ ለሥዕል ሥራው የያዘው የሙጫ ማቅለጫ መሣሪያ ነው ተብሎ ግቢው ለሰዓታት ተዘግቶ ዋለ። በእኛም አገር ቢሆን ሰው በጺሙ፣ በሒጃቧ ወይም በሚናገረው ቋንቋ የሚጠረጠርበት ጊዜ እንዳለ የማያውቅ የለም።

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለም። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ሶሐባዎች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ አንዱ ተኝቶ ሌላው ገመዱን ቢወስድበት ሰውየው ደንግጦ ነቃ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድ አስተማሩ። የተወሰደው ሰይፍ ሳይሆን ገመድ ብቻ መሆኑን እናስተውል። በወንድም ላይ መሣሪያ ማነጣጠርንም በቀልድ እንኳ ቢሆን ከልክለዋል። በሌላ በኩል ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ያዘናል። አስደንጋጩም ደንጋጩም ከዚህ ትምህርት ድርሻ አላቸው።

ታዲያ ኮሌጆቻችን ምን ያድርጉ? እንደ ወላጅ የሚታየንን እንናገር።

አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንደ እውነት ይያዙ። መሣሪያው የውሸት ይሆናል ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ሩቅ ሆኖ መለየት አይቻልምና። ተማሪውን ከስፍራው በእርጋታ ማራቅ እንጂ ወደ አንድ በር መንዳት አደጋ ነው። የመኝታ ፎቆች ሁለተኛ በር በሰንሰለት አይታሠር፤ ቁልፉም ሌሊትና ቀን በቅርብ ባለ ሰው እጅ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ጥቆማ የሚደርስበት አንድ የታወቀ ስልክ ይኑር። የሚቀበለውም ሰው «በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ? የት? መቼ? ምን ይመስላል?» ብሎ ይጠይቅ። ጠቋሚው «ምናልባት» ካለ «ምናልባት» የምትለዋ ቃል እስከ መጨረሻው ጥበቃና ፖሊስ ድረስ ትድረስ።

ሦስተኛ፣ ለድራማ ወይም ለበዓል የሚሠራ የመሣሪያ አምሳያ በጽሑፍ ፈቃድ ይግባ። በበሩ ላይ ተመዝግቦ እዚያው ይቀመጥ፤ ወደ መድረክም አስተማሪው ይዞት ይሂድ። ከሩቅ በሚታይ ደማቅ ቀለምም ይቀባ። አርበኛው ቀይ ጠመንጃ ቢይዝ ድራማው አይበላሽም።

አራተኛ፣ ልምምድ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ለተማሪ፣ ለሠራተኛና ለአካባቢው ሕዝብ ይነገር። የተኩስ ድምፅ ፈጽሞ አይኑርበት።

አምስተኛ፣ እውነቱ በዚያው ቀን ይነገር። በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በስልክ መልእክት፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ቢቻል በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ለወላጅ ይድረስ። ተቋም ዝም ሲል ወሬ ይናገራል።

ስድስተኛ፣ ሊያስፈራራ ያሰበና ሳያስብ የያዘ በአንድ ሚዛን አይመዘኑ። ሆን ብሎ ጓደኛውን ያሸበረ በደንቡ ይቀጣ፤ ቅጣቱ ግን የሚያርም እንጂ የሚያጠፋ አይሁን። ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ደግሞ በሰው ፊት እንደ ተዋረደ በሰው ፊት ስሙ ይመለስለት። ዲኑ ራሱ ወጥቶ «ይህ ልጅ ጥፋት የለበትም» ቢል የሚወስድበት ሁለት ደቂቃ ነው።

«ጥበቃ ሲጠራጠር ይሻላል፤ ከሞት መጠየቅ ይቀላል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እኛም ጥበቃው አይጠራጠር አላልንም። የደከመው ደመወዝተኛ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ልጆቻችን ሲል እንደሚቆም እናውቃለን። ግን ያልሠለጠነ ሰው ሲጠራጠር የሚያውቀው መጮህና መምታት ብቻ ነው። ለእሱም ሥልጠና መስጠት ለእሱው ማዘን ነው።

እኛም በቤታችን የምንሠራው አለን። ለዒድ በዓል ለልጆቻችን ከምንገዛው መጫወቻ መካከል ሽጉጥ መሳይ ፕላስቲክ አይጠፋም። ልጁ በአምስት ዓመቱ ወንድሙ ላይ እያነጣጠረ «ገደልኩህ» ሲል አብረን ከሳቅን፣ በሃያ ዓመቱ በመኝታ ክፍሉ ሲደግመው ለምን እንገረማለን? ኳስ፣ ብስክሌት፣ የሥዕል ቀለም ምን አነሰው? ኮሌጅ ለገባውም ልጃችን ከስንቁ ጋር አንድ ምክር እንቋጥርለት፦ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር አትያዝ፣ ያላየኸውን አየሁ አትበል፣ ወሬ ሲደርስህ ሳታጣራ ወደ ሌላው አታስተላልፍ።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ከእውነተኛውም ከሐሰተኛውም መሣሪያ ይጠብቅልን። የሚያስተምሯቸውንና የሚጠብቋቸውንም እርጋታና ማስተዋል ይስጣቸው። አሚን።